የተሰበረው የውስጠኛው ነው

የምስክርነት ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ኤይልሳ ዳልግሊሽ
ዕድሜ፦ 74
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ በግ አርቢ
አድራሻ፦ ብላክስቶን ክሪክ መንደር፣ ማኒዮቶቶ፣ ደቡብ ደሴት፣ ኒውዚላንድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2018
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል አኒሽ ላል

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው እኔ ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ፈቃዴ ነው። ኮንስታብሉ ቃሌን ከመቀበሉ በፊት አእምሮዬ ደህና መሆኑን መጠየቅ እንዳለበት በትህትና ነግሮኛል። እኔም የመጣሁት በዚሁ በአእምሮዬ ጉዳይ ስለሆነ፣ ሰምተህ ራስህ ፍረድ ብዬዋለሁ።

የምመሰክረው በልጄ በላክላን ዳልግሊሽ ላይ ነው። ዕድሜው አርባ ስምንት ሲሆን የሚኖረው ደኒደን ከተማ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም። ባለቤቴ ሄክተር በሞተ በዓመቱ ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ለላክላን ውክልና ሰጥቼዋለሁ። የውክልናው ቃል፣ አእምሮዬ ከደከመና ይህንንም ሐኪም በፊርማው ካረጋገጠ፣ ቤቴንም ንብረቴንም እኔንም ላክላን እንዲያስተዳድር የሚል ነው። ሐኪም እስካልፈረመ ድረስ ግን አይሠራም። በፈረምኩበት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ብወድቅ የሚያነሳኝ ልጅ አለኝ ብዬ እየኮራሁ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ጁላይ 11 ቀን ረቡዕ በመንደራችን ቦንስፒል፣ የበረዶ ላይ ድንጋይ ማንሸራተት ውድድር፣ ነበር። ከመንደሩ በላይ ያለው ግድብ ሰውና ድንጋይ የሚሸከም በረዶ የሚይዘው በስንት ዓመት አንዴ ነው። ሲይዝ ስልክ ይዞራል፤ «ግድቡ ያዘ» ከተባለ አገሩ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጥቶ በበረዶው ላይ ድንጋይ ሲያንሸራትት ይውላል። በጉ የታመመበትም ይመጣል። ቀብር እንኳ ለሌላ ቀን ይተላለፋል ይባላል፤ ይህ ግን ቀልድ መሆኑን ለኮንስታብሉ ነግሬዋለሁ። ለላክላን ደውዬ የአባትህ ድንጋዮች ይጠብቁሃል ስለው፣ «እማዬ፣ ረቡዕ ሥራ አለብኝ፣ አልችልም» አለኝ። ከፋኝ። የሄክተር ልጅ ሆኖ ቦንስፒል የሚቀር ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

በዚያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ውሃ አፈላሁ፤ አንዱን ፔርሙስ ሻይ፣ ሌሎቹን ሾርባ ሞላሁ፤ የጋገርኳቸውን የአይብ ጥቅሎች በፎጣ ጠቀለልኩ። ጎረቤቴ መሪያና ፓኪ በመኪናዋ መጥታ ወሰደችኝ። መሪያና ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ስለሆነች አፏ አያርፍም፤ ጓደኛዬ ናት። የመኪናዋ መስታወት ውርጭ ይዞት ነጭ ሆኖ ስለነበር በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቅኩላት። በፈላ ውሃ አላልኩም፤ በመፋቂያ ነው። ከዚያም ሄድን። በመንደሩ የቀረ ሰው አልነበረም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ስመለስ የላክላን መኪና በሬ ላይ ቆማለች። ሥራው ቶሎ አልቆለት ሊያየኝ የመጣ መስሎኝ ደስ አለኝ። በሩን ከፍቶ አቀፈኝና እጄን አገላብጦ ማየት ጀመረ።

«ተቃጠልሽ እንዴ እማዬ? አሳዪኝ እስቲ» አለኝ።

«ምን ሆንኩና?»

«መስኮቱን እኮ ነው። አታስታውሺም? በረዶውን ላስለቅቅ ብለሽ የፈላ ውሃ ደፍተሽበት ተሰንጥቋል። ስገባ ማንቆርቆሪያው እዚያው ነው።»

ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ትልቁ መስኮት ከውስጥም ከውጪም ካርቶን ተለጥፎበታል። ማንቆርቆሪያው መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ውሃው ከደፉ አልፎ ወለሉን አርሷል። ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ ትቼው የሄድኩ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ያየሁት በዓይኔ ነውና ምን ልበል? አላስታውስም አልኩት። እሱም «ችግር የለም እማዬ፣ አይዞሽ። እኔ አለሁልሽ» አለኝ። ያን አይዞሽ ዛሬም አልረሳሁትም።

ይህ ነገር ለምን እንደከበደኝ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። በማኒዮቶቶ ምድር ተወልዶ ያደገ ሰው ውርጭ በያዘው መስታወት ላይ የፈላ ውሃ አይደፋም። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ መስታወቱ ይፈነዳል። ይህን የሚያደርገው ከሰሜን የመጣ እንግዳ ነው፤ «ኦክላንዴው» ብለን እንስቅበታለን። ኮንስታብሉ ራሱ ውርጭ ከማያውቀው ከሱቫ ከተማ መጥቶ እዚህ በተመደበበት የመጀመሪያ ክረምት የመኪናውን መስታወት በዚሁ መንገድ መሰንጠቁን አጫውቶኛል። ይህም ይጻፍ ስለው ለጉዳዩ አያስፈልግም አለኝ። እኔ ያስፈልጋል ስላልኩ ተጽፏል። እኔ ኤይልሳ፣ ሰባ አራት ክረምት በዚህ ውርጭ ውስጥ ያለፍኩት ሴት፣ ይህን ካደረግሁ አእምሮዬ የለም ማለት ነው። ላክላን ይህን ያውቃል። ድስት አሳርረሻል ቢለኝ ማን ያላሳረረ አለ ብዬ እመልስለት ነበር። ይህን ግን እዚህ አገር ማንም አያደርገውም።

ወሬውን በመንደሩ የነዛው ላክላን ነው። ሲመለስ ነዳጅ ማደያው ላይ ቆሞ፣ «እማዬ እንዲህ ሆነችብኝ» ብሎ ሆድ ብሶት አውርቷል። ቅዳሜ ዕለት የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ላይ ሳለን የድንጋይ ማንሸራተት ክለባችን ሊቀመንበር ስትሩዋን ከማዶ ጠረጴዛ ጮክ ብሎ፣ «ኤይልሳ፣ ለመስኮትሽም ሻይ አፈላሽለት አሉ። ስኳር ስንት ይላል?» አለኝ።

«ሁለት ማንኪያ። ካንተ ይሻላል፣ አንተ ሦስት ነህ» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስትሩዋን ክፋት የለውም፤ መቀለድ ፍቅሩ ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምድጃውን ዘግቼ እንደገና ተመልሼ አያለሁ፤ በሩን ቆልፌ እንደገና እነካካዋለሁ። የገዛ እጄን አላምነውም ነበር።

ጁላይ 20 ቀን ዓርብ ላክላን ደኒደን ወስዶ ሐኪም ዘንድ አቀረበኝ። ሐኪሟ ቀኑን፣ ወሩን፣ የምኖርበትን ጠይቃኝ ሁሉንም መለስኩ። የሰዓት ሥዕል ይሣሉ አለችኝ፣ ሣልኩ። ላክላን አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ይዞ ነበር። «የመስኮቱን ነገር ንገሪያት እማዬ» ካለኝ በኋላ እሱ ራሱ ነገራት። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ፣ «እውነት ነው ወይዘሮ ዳልግሊሽ? በበረዶው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሰው ነበር?» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ መሰለኝ» አልኩ። ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ በአፌ መሰከርኩ። ሐኪሟ አንድ ጊዜ ደግማ አይታኝ በዚህ ሳምንት ሐሙስ፣ ማለትም ኦገስት 9 ቀን፣ እንደምትወስን ነገረችን። ላክላን ደኒደን ውስጥ በአንድ የአዛውንቶች መኖሪያ ክፍል እንደያዘልኝ በመንገድ ነገረኝ። እሺ አልኩት። ዶሮዎቼን ለመሪያና ሰጠሁ።

ከመሄዴ በፊት ግን መስኮቱን ማሠራት ፈለግሁ። በካርቶን የተለጠፈ ቤት ጥዬ መውጣት አልፈለግሁም። ድሮ የቤታችን መስኮቶች ነጠላ መስታወት ነበሩ። ሄክተር ጉልበቱ ሳይደክም ሁሉንም አውጥቶ በድርብ መስታወት ቀይሯቸዋል፤ እያንዳንዱን ስንገጥም ከወዲያ በኩል ይዤለታለሁ። ይህን ለላክላን በስልክ ስነግረው፣ «አትንኪው እማዬ፣ ትቆረጫለሽ። የሚገባበት ሰው ያሠራዋል» አለኝ። የሚገባበት ሰው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ጁላይ 24 ቀን ማክሰኞ ጠዋት መሪያና መጣች። ላክላን አትንኪው ብሎኛል አልኳት።

«አንቺን ነው ያለሽ፣ እኔን ምንም አላለኝም። አምጪው ካቻቢቴውን» አለችኝ።

መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ያለውን ካርቶን ላጥነው። መስታወቱ ከላይ በቀኝ ጥግ አንድ ቦታ ላይ ተመትቶ፣ ስንጥቁ ከዚያ ተነስቶ እስከ ታች ወርዷል። የተመታው ቦታ ከራሴ በላይ ነው፤ በጣቶቼ ልነካው ብል አልደረስኩበትም። ከዚያ ወጥተን የውጪውን ካርቶን አነሳን። የውጪኛው መስታወት አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም። እጄን አሳለፍኩበት፤ እንደገና አሳለፍኩበት። በጎን ባለው መስኮት ላይ የዚያ ሌሊት ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። በጥፍሬ ፋቅሁት። ውርጩ ያለው ከውጪ ነው።

ኮንስታብሉ ይህን በደንብ እንዲገባው ደግሜ ነግሬዋለሁ። ድርብ መስታወት ማለት ሁለት መስታወት በመካከሉ ደረቅ አየር ታሽጎበት እንደ አንድ የተጣበቀ ነው። ምድጃ በሚነድበት ቤት የውስጠኛው ሞቃት ስለሆነ ውርጭ አይነካውም። ውርጭ የሚይዘው የውጪኛው ነው። እንግዲህ በበረዶ ላይ የፈላ ውሃ የደፋ ሰው የሚሰብረው የውጪኛውን ነው። የተሰበረው የውስጠኛው ነው።

መሪያና መስታወቱን ከውጪም ከውስጥም አየችና ወገቧን ይዛ፣ «ታዲያ ይቺ ውሃ በየት ዞራ ገባች? ቁልፍ ነበራት እንዴ?» አለች።

ቁልፍ የሚለውን ቃል ስሰማ ክው አልኩ። የቤቴ ቁልፍ ያለው ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ነው። መሪያናም አየችኝና ቀልዷን ተወችው።

ሥራውን ግን አልተውንም፤ እጄ ሥራ ባይዝ ኖሮ ያን ቀን የምሆነውን አላውቅም። መስታወቱን ከውስጥ በኩል የሚይዙትን ቀጫጭን ዘንጎች በስፓቱላ አንድ በአንድ ፈልቅቀን አወጣን፤ ቅደም ተከተላቸው እንዳይጠፋብን ቁጥር ጻፍንባቸው። ስባሪው እንዳይረግፍ በቴፕ አጣበቅነው። ዙሪያውን ያለውን ሲሊኮን በቢላ ቆርጠን፣ በሚጣበቀው የጎማ መያዣ ስበን፣ መስታወቱን እንዳለ አወጣነው። የክፈፉን ቁመትና ስፋት፣ የመስታወቱንም ውፍረት በሄክተር ሜትር ለካሁ፤ መሪያና ደግማ ለካች። ክፍቱን በእንጨት ሰሌዳ ዘጋነው። ልኩን አሌክሳንድራ ከተማ ላለ መስታወት ቤት ሰጠን። አሮጌውን መስታወት በሱፍ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ጋጣው ውስጥ አቁሜ አስቀመጥኩት። ዛሬ ለፖሊስ ያስረከብኩት እሱን ነው።

ለምን ወዲያው ለፖሊስ እንዳላመለከትኩ ተጠይቄ፣ ልጄ ስለሆነ ነው ብዬ መልሻለሁ። ሌላ ምክንያት ይኖራል አልኩ። ወፍ ገብቶ ይሆናል አልኩ፣ ቤቱ ሰምጦ ክፈፉ ተጫጭኖት ይሆናል አልኩ። ሰው ልጁን ላለመጠርጠር የማያስበው ነገር የለም። መሪያና፣ «እንግዲህ ጠይቂው» አለችኝ። በስልክ አልጠይቀውም፣ ፊቱን እያየሁ ነው የምጠይቀው አልኳት።

ኦገስት 4 ቀን ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ ላክላን ባዶ ካርቶኖች ይዞ ዕቃዬን ሊሸክፍ መጣ። አዲሱ መስታወት ከአንድ ቀን በፊት ደርሶ ስለነበር ወጥ ቤቱ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሰሌዳውን አንስተን መስኮቱ ክፍት ነው። መሪያና ምድጃው ጋ ሆና የአይብ ጥቅል ታገላብጣለች፤ በቦታው የነበረች ስለሆነ የራሷን ቃል ትሰጣለች።

«ምንድን ነው ይሄ እማዬ? ሐሙስ ለምትለቂው ቤት?» አለኝ።

«አንድ ሰው ከውጪ ሆኖ መያዝ አለበት። ና፣ ያዝልን» አልኩት።

የአባቱን ጓንት ሰጠሁትና ወጣ። ሥራ ሲታዘዝ እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህ ደግሞ እውነት ስለሆነ ይጻፍ። እሱ በውርጩ ላይ ከውጪ ቆመ፣ እኔ ከውስጥ። መካከላችን መስታወት የሌለው ክፈፍ ነው። ከታች የሚቀመጡትን የፕላስቲክ ድጋፎች እየደረደርኩ፣ እንደዋዛ አድርጌ ጠየቅሁት።

«ላክላን፣ ያን ቀን በረዶው በየት በኩል ነበር?»

«የቱ በረዶ?»

«ውሃ የደፋሁበት።»

«ከውስጥ ነዋ» አለ። «እንደ ድሮው። መኝታ ቤቴ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ስነቃ መስኮቱን ከውስጥ በረዶ ይዞት አልነበር? በጥፍሬ ስሜን እጽፍበት አልነበር እንዴ?» ፈገግ አለ። የልጅነቱ ነገር ትዝ ብሎት ነው።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። እውነቱን ነው፤ እሱ ልጅ እያለ ውርጩ ከውስጥ ይይዝ ነበር። ያኔ መስታወቱ ነጠላ ነበር። ላክላን ቤቱን ለቆ ደኒደን ከገባ በኋላ ነው አባቱ የቀየራቸው። ከዚያ ወዲህ በክረምት አንድም ሌሊት እዚህ አድሮ አያውቅም፤ ለገና በዓል ነው የሚመጣው፣ ገና ደግሞ እኛ አገር በጋ ነው። ልጄ ውሸቱን የሠራው በሚያውቀው ቤት ነው። አሁን ያለውን ቤት አያውቀውም። ሊሸጠው ነው እንጂ ሊኖርበት አይደለምና ማወቅም አላስፈለገውም።

«አባትህ እነዚህን መስኮቶች ካስገባ ወዲህ ከውስጥ በረዶ ይዟቸው አያውቅም» አልኩት። «ውርጩ ከውጪ ነው። የተሰበረው ግን የውስጠኛው ነው፣ ያውም ከራሴ በላይ። በምን መታኸው?»

ፈገግታው ጠፋ። ወደ መሪያና አየ። መሪያና ጀርባዋን ሰጥታው ጥቅሉን አገላበጠች። «በመሰላል» አለ።

የነገረኝ እንዲህ ነው። ያን ቀን ከኩዊንስታውን ከተማ አንድ ቤት ገዢ ይዞ መጥቶ ነበር። ሰው የማይኖርበትን ቀን ሲጠብቅ ቆይቶ ቦንስፒሉን መረጠ። ሰውየው ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ጣሪያ ልይ ሲል ላክላን መሰላል አስገባ፤ ሲያዞረው ጫፉ መስኮቱን መታ። ገዢው ከሄደ በኋላ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አንስቶ ደፉ ላይ አስቀመጠ፤ ውሃም አፈሰሰ። ሽያጩ የሚጸናው ሐኪሟ ከፈረመችና ውክልናው መሥራት ከጀመረ ነው። ገዢው ያን እየጠበቀ ነው።

«ምን ልበልሽ እማዬ? መሰላል ይዘህ ምን ትሠራለህ ብትይኝስ?»

«እናቴ ሆይ፣ ቤትሽን ልሸጠው ነው ትለኝ ነበር።»

«እምቢ ትያለሻ።»

«አዎ፣ እምቢ እላለሁ። የራሴ ቤት ማለት እኮ እምቢ የምልበት ማለት ነው።»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለኝ። «ብቻሽን ነሽ። አንድ ቀን ወድቀሽ በውርጭ ውስጥ…»

«ለእኔ ብለህ እብድ አደረግኸኝ? መንደር እንዲስቅብኝ ያደረግኸው ለእኔ ብለህ ነው? ሐኪሟ ፊት ያላደረግሁትን አደረግሁ ስል እጄን ይዘህ ነበር ላክላን። አንተ እውነቱን ታውቅ ነበር።»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አላለቀሰም፣ ይቅርታም አላለኝም። ቢሰርቀኝ ይሻል ነበር፤ ዕቃ ቢሰርቀኝ ሌላ ይገዛል። እሱ የወሰደብኝ በራሴ ላይ ያለኝን እምነት ነው። ምድጃውን ዘግቼ ተመልሼ ያየሁባቸው እነዚያ ማታዎች ሁሉ፣ እሱ ደኒደን ሆኖ በሰላም ተኝቷል። ኮንስታብሉ ይህን ልተወው ወይ ብሎኝ ነበር፤ ጻፈው ብዬዋለሁ።

ከዚያም መሪያናን ጠራኋትና መስታወቱን አንስተን ክፈፉ ውስጥ አቆምነው። ላክላን ከውጪ በሁለት መዳፉ ደግፎ ያዘ። ዘንጎቹን በቁጥራቸው እየመለስኩ መታኋቸው። በዚህ መሀል ላክላን ማውራት ጀመረ። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚለው ግን አንድም አይሰማኝም። ጥሩ መስታወት ነው፣ ድምፅ አያስገባም። ዘንጎቹን ሁሉ እስክጨርስ ድረስ ሲያወራ ነበር። ምን እንዳለ ብጠየቅ አላውቅም፤ ያልሰማሁትን አልመሰክርም። የመጨረሻው ዘንግ ሲገባ ልቀቀው ብዬ በእጄ አመለከትኩት፤ ለቀቀው። ጓንቱን መስኮቱ ደፍ ላይ ትቶ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ባዶዎቹን ካርቶኖች መሪያና ለዶሮዎቹ ወሰደቻቸው።

ከፖሊስ ምን እንደምፈልግ ተጠይቄ እንዲህ ብዬ መልሻለሁ። ሐኪሟ ከሐሙስ በፊት እውነቱ እንዲደርሳት፤ ዳግመኛም ስታየኝ ላክላን ክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር። ውክልናውን ዛሬ ከዚህ ወጥቼ ጠበቃው ዘንድ እሰርዛለሁ። ገዢውም ቤቱ ባለቤት እንዳለው ይነገረው። ልጅዎ እንዲከሰስ ይፈልጋሉ ወይ ተብዬ፣ የሚሆነውን ሕጉ ይወስን፣ ቃሌን ግን አልስብም ብያለሁ። ኮንስታብሉ እናት ነዎትና አስበውበት ነገ ይምጡ አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ። እናት ስለሆንኩ ነው ዛሬ የመጣሁት፤ ነገ ከመጣሁ እራራለታለሁ ብዬ መለስኩለት።

በመጨረሻም ብቻዬን የምኖር በመሆኔ፣ ድንገት አንድ ነገር ብሆን የሚደወልለት ሰው ስልክ እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ሳላስብ ቁጥሩን ተናገርኩ፤ ኮንስታብሉም ጻፈ። ስም ማን ልበል ሲለኝ ነው የላክላን መሆኑን ያወቅሁት። ሰርዘው አልኩት፤ ሰረዘው። የመሪያናን ልሰጠው ፈለግሁ፤ ነገር ግን አጥር ለአጥር ሆነን በስሟ እጠራታለሁ እንጂ ደውዬላት ስለማላውቅ ቁጥሯን አላውቀውም። ይህን የመርሳት ምልክት ብለህ እንዳትጽፈው ብዬዋለሁ። በቃሌ የማውቀው የልጄን ብቻ ነው። ኮንስታብሉ ቦታውን ባዶ እንተወው ወይ አለኝ። ባዶ ይሁን አልኩት።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልኩት ሁሉ ተጽፏል፤ ያላልኩት አልተጨመረም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ እውነት መሆኑን አውቄ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኤይልሳ ዳልግሊሽ

ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ኮንስታብል አኒሽ ላል

ከቃሉ ጋር የተረከብነው፦ የውስጠኛው የተሰበረ፣ የውጪኛው ደህና የሆነ አንድ ድርብ መስታወት፣ በሱፍ ጆንያ እንደተጠቀለለ።

በአደጋ ጊዜ የሚደወልለት፦ —